መደብ

ሳስካቱን ላይ ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤
ግሌን ፍሪዝን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያወራል።
ሙያው ምድጃ መጠገን፣ የጠፋ እሳት መመለስ፤
ልቡ ግን ድረ ገጹ ላይ ነው፤ እንዲያምርለት፣ እንዲሞገስ።

«ይቺን ፎቶ» አለኝ፣ ከስልኩ አውጥቶ፣
«አባቴ የሠራው ቤት ነው፣ ጣሪያው በበረዶ ነጥቶ።
ከዳር እስከ ዳር አንጥፊያት፤ ጽሑፉን እላይዋ ጻፊበት፤
ፊደሉም ነጭ ይሁን፤ ባዘቶ አስመስለሽ በትኚበት።»

አልተከራከርኩም። እውነቱን ልናገር? እኔም ወደድኩት።
መጋረጃዬን ዘግቼ፣ በሰፊው ስክሪን አየሁት፤
በሃያ ዘጠኝ ዓመት ዓይን፣ አንገቴን አስግጌ ከወንበሬ፣
ነጭ በነጭ ላይ ሲያንቀላፋ አይቼ፣ ሒሳቤን ላክሁ ቆጥሬ።

ሁሉም ይነበብ ነበር። ለእኔ።
ጸሐፊ የጻፈውን ሊያነብ ዓይን መች ያስፈልገዋል?
በቃሉ ያውቀዋል።

ሐሙስ ሌሊት፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት።
ወይዘሮ ኦልጋ ሃውሪሉክ ምድጃቸው ሞተባቸው በድንገት።
ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፤
ሁለት ሹራብ፣ አንድ ካፖርት፤ እስትንፋሳቸው ይጨሳል።
ገጹን ከፈቱ። ቤት አዩ። ጣሪያ አዩ። በረዶ አዩ።
ስልክ ቁጥሩን ግን ከየት ያምጡት፣ ከምኑ ይለዩ?
ሰባቱ ጭስ ሆኗል፤ ዜሮው ክምር ውስጥ ሰምጧል፤
«ሌሊትም እንመጣለን» የሚለው ቃል፣ እንደ ክረምት ጥንቸል
እዚያው ቆሞ ተሰውሯል።
በአውራ ጣታቸው ጥፍር መስታወቱን ፋቅ ፋቅ አደረጉ፤
ቤቱ ተለጠጠ፣ ቀረበ፤ በረዶውን ወዴት ይጥረጉ?

ያዳናቸው ምን መሰላችሁ? ከሚወዛወዝ ጠረጴዛ እግር ሥር
ተወትፎ የኖረ የድሮ የስልክ መጽሐፍ፦
ቢጫ ወረቀት፣ ጥቁር ቀለም። የግሌን አባት ስም። ያው ቁጥር።

በማግሥቱ ለእኔ ደወሉ። «ልጄ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ፣
«ቁጥሩን በረዶ ቀብሮታል፤ አካፋም አብራችሁ ስጡ።»
ሳቅሁ። ሳቄ ከጉሮሮዬ ተመለሰ።

መደብ እንላለን እኮ፣ ቀለም ለሚያርፍበት፤
መደብ እንላለን ደግሞ፣ እንግዳ ለሚቀመጥበት።
እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ምን ይደረጋል መደቡ?
ጓዝ ይነሳል፤ ጌጥም ይነሳል፣ ባለቤት ቢሳሳለትም ልቡ።
ብራና ፋቂውስ ፍየሏን ጠልቷት ነበር?
ቡራቡሬዋን፣ የአንገቷን ዛጎላ?
ፀጉሯን የላጨው፣ ቆዳዋን የወጠረው፣ ጅማቷን የፋቀው
ፊደል እግሩን የሚተክልበት ሜዳ ፈልጎ ነው።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በፎቶው ላይ በመጀመሪያ
ስስ ጥቁር ሻሽ ጣልኩ፤ ደበዘዘ በረዶና ጣሪያ፤
የመስኮቱ መብራት ግን አራት ቁጥርን ዋጠ።
ሻሹን አወፈርኩት፤ ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ፤
አነሳሁት።
ድፍን ጥልቅ ሰማያዊ፤ ፊደሉ ነጭ፣ ወፈር ያለ።
ስልኬን ይዤ ወጣሁ፣ ሃያኛው ጎዳና፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ፣
ፀሐይ በረዶውን መትታ ዓይን በምታጠፋበት፤
ብርሃኑን ቀነስኩ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ዓይኔን አጠበብኩ፤
አስሩም አሃዝ ቆመው ጠበቁኝ።

ግሌን አኮረፈ። «የአባቴ ቤትስ?» አለኝ።
«ከታች ነው። ብቻውን። ቃል አይረግጠውም።»
ጣቱን እየጎተተ ወረደ፣ አገኘው፣ ዝም አለ፤
ከጣሪያው ጠርዝ የተደገፈች መሰላል አየና
«ይቺስ እዚህ ነበረች?» አለ።

ወይዘሮ ኦልጋ ዓርብ ደወሉ፤ ምድጃው ደህና ነው፣ ይነዳል።
«ሁሉን አነበብኩ፣ ያለ መነጽር። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤
ከግርጌ አመድ በአመድ ላይ የተነሰነሰችው፣ ምን ትላለች?»
«ምንም አይደል» አልኩ፣ «የሠራችው ሴት ስም ነች።»
«ታዲያ ምነው ተደበቀች?»