ሊፍቱ አይሠራም

አፉላ፣ ሐሙስ ማታ። ከባህል አዳራሹ ደጅ
ሰልፉ ቀጥ ብሏል፤ የሚጋፋ የለ፣ የሚሰዳደብ ወዳጅ።
ሁሉም ቲኬቱን አርቆ ያነባል፣ ክንዱን ዘርግቶ፣
መነጽሩን መኪና ውስጥ፣ ጉርምስናውን የት እንደጣለ ረስቶ።

ድሮ፣ የሱፍ ቅርፊት እየተፋን አግዳሚ ላይ ስናመሽ፣
የአውቶቡሱ ሹፌር አይቶን ሲያልፍ፣ ሳይል "ነይ ልውሰድሽ"፣
ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ታከለ፣ ኦሽሪ፣ ግሪሻ፣
ከልምምድ ሲመለሱ፣ አራት ፎቅ፣ ከበሮው በትከሻ።
"ሊፍቱ አይሠራም" ይላል በሩ ላይ የከረመ ወረቀት፤
ሦስት ክረምት ጠበቁና የቡድናቸው ስም አደረጉት።

መለማመጃቸው ከሕንፃው ሥር፣ የሕዝብ መጠለያ ነበር፣
ለሮኬት ተብሎ የታነጸ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ የብረት በር።
ለሮኬት እንጂ ለግሪሻ አልበቃም፤ የኦሽሪ አክስት ከላይ
በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን ስትደልቅ፣ "ይበቃል፣ ዝም በሉ፣ ዋይ!"
ግሪሻ ምቷን ሰርቆ ዘፈን አደረገው ቁጣዋን፤
እሷም ሠርግ ላይ ጨፈረችበት፣ ሳታውቅ ምንጩ እሷ መሆኗን።

ታከለን ትምህርት ቤት "ታል" ብለውታል፤ እሱ ግን መድረክ ሲወጣ
"ታከለ ነኝ፤ ትርፍ ነኝ፤ አትደምሩኝ ሒሳቡ ሲመጣ!"
ይልና ከድምፅ ማጉያው ጫፍ፣ ጉልበቱን አጥፎ እንደ ፌንጣ፣
ይዘላል።
እኛም እንዘል ነበር። ያኔ ስለ ማረፍ ማንም አላሰበም።

አሁን አዲስ አልበም አወጡ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፤
ስሙ "ወገቤን!" ነው። ሽፋኑ ላይ ሦስት ወንበር፣ ሦስት ትራስ ለኋላ።
አንዱ ዘፈን ስለ ደጉና ስለ ክፉው ኮሌስትሮል ነው፦
"ክፉው ነው የሚጎበኘኝ፣ ደጉ ሥራ በዝቶበት ነው።"
አንዱ የወላጆች ቡድን ነው፦ "ይህ ጃኬት የማነው? የማነው?"
ሰማንያ ጊዜ ይጠየቃል፤ ጃኬቱ የራሱ የጠያቂው ነው።
አሁንም ሦስት ኮርድ ብቻ፣ አሁንም ሁለት ደቂቃ፤
ልዩነቱ፣ በየዘፈኑ መሃል ውሃ ይጠጣሉ።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ የምኖረው በሰው ጉልበት፤
ከአሥራ አንደኛው ረድፍ ሆኜ የታከለን ግራ አየሁት።
ሻኬድ ልጄ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፦
"እማ፣ ይቀልዳሉ ወይስ አሟቸው ነው?" "ሁለቱም" አልኳት በእርጋታ።

ከዚያ አሮጌው መጣ፣ "እወድሻለሁ፣ ግን አውቶቡስ አለብኝ"፤
አዳራሹ ሁሉ ተነሣ፤ እኔም፣ ቦርሳዬ ከጭኔ ወደቀብኝ።
ታከለ ድምፅ ማጉያው ላይ ወጣ። በእጁም በእግሩም ወጣ።
ስልኮች ተነሡ። ግሪሻ ከበሮውን ያርገፈግፋል፣ አያቆምም።
"አትዝለል" አልኩ። ድምፄን ራሴም አልሰማሁትም።
ታች አየ። እንደገና ታች አየ። ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና፦
"ሊፍቱ አይሠራም።"

ኦሽሪ ጊታሩን አስቀምጦ የፕላስቲክ ወንበር አመጣ፤
ታከለ ትከሻውን ይዞ፣ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቆይቶ ግራውን፣ ወረደ።
እንዲህ ስቄ አላውቅም። አጠገቤ ያለው ራሰ በራ ሰውዬ ግን
ዓይኑን በቲኬቱ ይጠርግ ነበር።

ከቤታችን ሥር ስንደርስ ሻኬድ "በደረጃ!" ብላ በረረች፣
የዚያችን አክስት ምት ግድግዳው ላይ በመዳፏ እየመታች።
"ሂጂ፣ እደርሳለሁ" አልኳት፤ ሊፍቱን ጠራሁ። የእኛ ይሠራል።
በሩ ተዘጋ። መስተዋቱ ውስጥ አንዲት ሴት ካፖርቷን ትፈታለች።
በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሃል
ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩና
ዘለልኩ።

ትንሽ ተንገጫገጨ። ከዚያ መውጣቱን ቀጠለ።