የቅርጫቱ ሒሳብ

ሺፕራ ባውሪ፣ የሲልሄት ሻይ ለቃሚ፣
ፊቷ የገረጣ፣ ዳገት ላይ ደካሚ፣
ሁለት ብልቃጥ አንሥታ ባለመድኃኒቱን አየች፤
«ሦስት መቶው ይሻላል፣ ይከብዳል» እያለች።

«ተይ» አላት ኒርማል፣ «ቁጥሩ አያታልልሽ፤
ግሉኮኔቱ ሦስት መቶ ይላል፣
ብረቱ ግን ሠላሳ አምስት።
ፉማሬቱ ሁለት መቶ፣
ብረቱ ስድሳ አምስት።
ቀሪው ብረቱን ያቀፈው ነው።»

ሣቀች።
«እንደ ሚዛን ቤቱ ነዋ!
ቅጠሌ ሲመዘን
ቅርጫቱን ይቀንሳሉ፣
ጤዛውን ይቀንሳሉ፣
የተረፈው ነው የእኔ።»

ትንሹን ቁጥር ገዛች።

«ደግሞ ከሻይ ጋር እንዳትውጪው፣
ሻይ ብረቱን ያስቀርብሻል።»

ጣቶቿን አየች፣
በቅጠል ጭማቂ የጠቆሩትን፤

«ሻይማ
ስንቱን አስቀርቶብኛል።»