ተ

ምስክሩ በኦሮምኛ ሲናገር፣ እኔ ስገለብጥ በአማርኛ፣
ቴፑ ዞረ፤ ወረቀቱ ወጣ፤ ፈረመበት ዳኛ።
«በዚያች ሌሊት፣ ሂርማታ፣ መኪናው ላይ ቡና ጫነ።»
በሦስተኛው ቀጠሮ ሰባት ዓመት ተወሰነ።
ሾፌሩ፣ ነዚፍ አባ ራያ፣ ቁልፉን ለሚስቱ «ያዥልኝ» አለ፤
መኪናው እንደተወረሰ ልቡ መቼ ተቀበለ!

ይግባኙ «ያስቀርባል» ተባለ። ዳኞቹ ከአዲስ አበባ በፕላዝማ፣
የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው በጅማ፤
ድምፅ እየተቆራረጠ፣ ጠበቃዋ «ቴፑ ይሰማልን» አለች።
ተሰማ።
«ፌአሜ» ነው ያለው፤ «ተጫነ»። አንዲት ተ ጐድላለች።
ከጆሮዬ እስከ ጣቴ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው፤
የት ወደቀች?

«ሌላም ማስረጃ አለና ጥፋተኛነቱ ጸንቷል፤
ቅጣቱ ወደ አምስት ዓመት ተሻሽሏል። መዝገቡ ተዘግቷል።»

ሁለቱ ዓመት ወረደለት፤ አምስቱን ማን ጫነበት?
ሚስቱ የቆመችበትን በር ትቼ
በጓሮ ወጣሁ፣ ጭቃ በሞላበት።

ዛሬ ከሬጅስትራሩ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ማን ተሳሳተ?» ይላል።
ከዚህ ቃል ላይ ተን ለማንሣት ሞከርኩ፤
የቀረው ምን ይባላል?