ማክሰኞም ጠይቀውኛል

ስምንት ወር ሙሉ፣ ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣
መስኮቱ በማይገጥም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
አንዲት ጥያቄ ይዤ ስቀንስ፣ ስደምር፦
ያ ኦክስጅን የሚሠራ ማሽን፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት፣
መብራት በሚሄድ በሚመጣበት
የገጠር ጤና ጣቢያ፣ ለሕፃን ሳንባ ያዋጣል ወይ?
ከሲሊንደሩስ ይረክሳል ወይ?

ጉሙ ወርዶ ወረቀቴ ላይ ተኛ፣ ሻዬ ቀዘቀዘ፣
ሠላሳ ሰባት ጥናት አንብቤ ዓይኔ ፈዘዘ።
አንዱን ሠንጠረዥ ብቻ ሰባት ሳምንት ሠራሁ፤
ኃላፊዬ «ጎሽ» ሲለኝ፣ እንደ ልጅ አቅፌው አደርሁ።

ከዚያ ሐርቡ ወረድሁ፣ ጤና ጣቢያው ደጅ።
ነርስ ዘምዘም ጓንቷን እያወለቀች
ጥያቄዬን ሳልጨርስ ሣቀች፦
«መብራት በቀን ስንት ሰዓት ይጠፋል? አራት።
ስንት ሕፃን ወደ ደሴ ላክሽ? ስድስት።
ቀጥሎ የምትለኝን ልንገርህ?
ማሽኑ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ማንም።
አንተዬ፣ ማክሰኞም ጠይቀውኛል፣
ያው ነው፣ ቃሉ እንኳ አልተለወጠም።
መልሴ ነው የጠፋው፣ ወይስ እናንተ ናችሁ የጠፋችሁ?»

አፌ ደረቀ። «ማን ጠየቀሽ?»
«ጦይባ የምትባል፣ ከኮምቦልቻ የመጣች፣
እንዳንተው ሻይ እንቢ ብላ፣
እንዳንተው አንገቷን ደፍታ የጻፈች።»

መመለሻዬ ላይ ኮምቦልቻ ወረድሁ።
ሙቀቱ፣ አቧራው፣ የፋብሪካው ፉጨት፣
ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ በጀት፣
ግን ያው ማሽን፣ ያው ሠላሳ ሰባት ጥናት።
የሷ ሠላሳ ስምንት ነው፤ አንዱን እኔ አላገኘሁትም።

ጠረጴዛዋ ላይ ሰባቱ ሳምንቴ ተዘርግቷል፣
ሠንጠረዡ በሷ እጅ፣ በሰማያዊ ቢክ ተጽፏል።
አንድ ረድፍ ላይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ እሷ ልክ ናት።
አልነገርኋትም።
በኋላ ነገርኋት።

በመካከላችን ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር፤
ታሞ የሚወጣው፣ ድኖ የሚወርደው፣
ሬሳ የጫነው፣ ሙሽራ የጫነው
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ቀን ከሌት ይተላለፋል፣
ጥሩምባ ነፍቶ መንገድ ይለቃል።
እኛ ብቻ ሳንተያይ።

«ማሽኑ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኋት።
«የኔና ያንተ ስምንት ወርስ?» ዝም አልሁ።
በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ደመረች፦ ደመወዝ፣ አበል፣ ነዳጅ፣
አራት ማሽን። ምናልባት አምስት።
ስድስቱን ሕፃናት ሁለታችንም አላነሣንም።

«አንድ መዝገብ እንክፈት» አለች፣ «ያለቀውን አይደለም፣
ያለቀውንማ ማንም ያሳትማል።
የጀመርነውን፣ ገና ያሰብነውን፣
ነገ ልንነካው የቃጣነውን።»
ኃላፊዬ ፈራ፦ «ገና ጥሬውን? ሰው እያየው?»
በሦስተኛው ሳምንት ፈረመ፣
«ለሙከራ» ብሎ፣ ቀን ሳይጽፍበት።

ዛሬ መዝገቡን ገለጥሁ።
ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፦ የደም ስኳር መለኪያ፣ ጦይባ ጀምራዋለች።
እኔም ያሰብሁት እሱን ነበር። ተውሁት።
እጄ ባዶ ሆነ፤ ደስ አለኝ፣
እውነት ለመናገር ትንሽም ከፋኝ።

ከዚያ ሐርቡ ደወልሁ።
«ዘምዘም፣ ዛሬ ጥያቄ የለኝም፤
ማሽኑ ኀሙስ ይደርሳል።»
ከወዲያ የሕፃን ሳል ተሰማኝ፣ የበር መንጓጓት።
«ይሁን» አለች፣ «አልሐምዱሊላህ።
ማን ይጠግነዋል?»