ገጽ አርባ ሦስት

አርባ ሦስት ገጽ ላይ ቀጥ አለና ቀረ፣
የራቢያን መመረቂያ ጎርሶ እንደነበረ፤
ነገ ነው ማስረከቢያው። እሷ በሬ ላይ ቆማ፣
እኔ ወደ ታጁ፣ በዝናብ፣ በጅማ።

የታጁ መደብር፣ መርካቶ ጥጉ ላይ፤
ራሙ በብስኩት ጣሳ፣ አቧራው ከላይ።
"ስምንት ጊጋ" አልኩት። "ቆይ" አለ፣ "ጥርሱን ልይ፤

ስሪና ፎር መንታ ይመስላሉ ስታያቸው፣
የሩዝ ፍሬ ያህል ነው የጥርስ ልዩነታቸው፤
ብትገፋ፣ ብትታገል፣ አይገባም በግድ፤
ቦርዱ ይሰበራል፣ ታመጣለህ ጉድ።"

ሁለት አነሳሁ እኔ፤ አንዱ ፈጣን ነበር፤
"ከቀርፋፋ ጋራ ባንድ ቀንበር ቢታሰር
ፈጣኑም ያዘግማል፤ ጥንዱን ውሰድ" አለ፤
ከከሰረ ኢንተርኔት ቤት ሣጥን ሁለት እኩያ ነቀለ።

ወርቃማ ጠርዛቸውን በላጲስ እያበሰ፣
"ምን ያስታውሳሉ?" ስለው፣ እየሳቀ መለሰ፦
"ምንም። መብራት ሲሄድ ሁሉን ይረሱታል።"
የዱቤ ደብተሩ ግን ስሜን ይዞታል።

ጠቅ፣ ጠቅ ብለው ገቡ፤ ጢጥ አለ አንድ ጊዜ።
አርባ ሁለቱ ተርፈው፣ አርባ ሦስት ቀርቶ መና፣
"ጻፍ" አለችኝ ራቢያ፣
ዓይኗን ጨፍና።