አምስተኛው ሌሊት

ጥር ነበር በዱሉት፤ ሐይቁ ነጭ ድንጋይ፣
ትንፋሽ ከአፍ ሲወጣ በዓይን የሚታይ።
የወይዘሮ ሲግኔ የላይ ፎቋ ቧንቧ፣
በብርድ ፈንድቶ ውኃው ሳሎን ገባ።
እሷ እኅቷ ጋ ነበረች፤
ስትመለስ አየች
ጣሪያው ሆዱን ነፍቶ፣
የሟች ባሏ መዝገበ ቃላት ሊጥ ሆኖ ተቦክቶ።

አለቃዬ ቶይቮ ስልኩን እንደ ሰማ፣
መኪናውን ጫነ ገና በጨለማ፤
ዐሥራ አንድ ማራገቢያ፣ ሁለት ማድረቂያ፣
እኔ ደግሞ በኪሴ እርጥበት መለኪያ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ እንጨት እወጋለሁ፣
የነገረኝን ቁጥር በእርሳስ እጽፋለሁ፣
እዚያው እንጨቱ ላይ።
ወረቀትማ ይርሳል።

ሠላሳ ስምንት፣ የገባን ለት።
ሠላሳ አንድ፣ በማግሥቱ።
ሃያ ስድስት።
ሃያ አንድ፤ ያን ለት ቶይቮ በቆመበት አንቀላፋ።
በአምስተኛው ሌሊት ዐሥራ አራት።
ደረቀ።
ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ፤ ኦርቪል።
ማሽኖቹ ሲጠፉ ጆሯችን ጮኸ።

አናጢው መጣና ግድግዳውን ዘጋ፣
ሲግኔም አስቀባችው ሰማያዊ፣ በራሷ ዋጋ።

ሂሳቡ ተላከ።
ከሚልዋኪ ቢሮ፣ ክራውዘር የሚባል
የመድን ገማች ሰው እንዲህ ሲል ይመልሳል፦
«ሦስት ቀን ይበቃል፤ ሠንጠረዡ ይላል።
ዐሥራ አንዱ በዝቷል፤ ሰባቱ ይነፍሳል።
የጓንት ሂሳብ ይሰረዝ።
‹ልዩ ልዩ› ማለት ምን ማለት ነው?»

ቶይቮ ጠረጴዛውን በቡጢ መታና፣
«ሠንጠረዡ አይርስም፣ ቤት የለውምና!»
ብሎ ጻፈ፤ አጠፋው፤ ከዚያ ደግሞ ጻፈ፤
እንዲህ ሲጻጻፉ የካቲት አለፈ።
ሐይቁ ተሰነጠቀ። የመጀመሪያው መርከብ
ጡሩምባውን ነፋ ሲጠጋ ወደ ወደብ።
ለሲግኔ በአንድ ቀን ሁለት ፖስታ ደረሳት፤
አንዱ «ከፍለን ጨርሰናል»፣ አንዱ «ዕዳ አለብዎት» የሚላት።
ማቀዝቀዣዋ ላይ በአንድ ማግኔት ለጠፈቻቸው።

በሚያዝያ ክራውዘር ራሱ መጣ።
ጉንፋን ይዞታል። ጫማው ርሷል።
ሁለት መቶ ፋይል ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነገረን፣
እንደሚያፍር ሰው።
መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ።
«ማስረጃው?» አለ።
«ከኋላው ነው» አልኩት፤ «ከሰማያዊው ኋላ፣
አምስት ቁጥር፣ በእርሳስ፣ በእጄ።»
«እንግዲያው ይከፈት።»
«ማን ከፍሎ?» አለ ቶይቮ።
«እኛ አይደለንም።»
«እኔም አይደለሁም።»
ሦስታችን ግድግዳውን አየነው። እሱም አየን።

ሲግኔ ከማእድ ቤት ድምጿ ብቻ መጣ፦
«ቀለሙ የኔ ነው፤ ማንም እጁን እንዳያመጣ!
አምስት ሌሊት ምድር ቤት ሶፋ ላይ ተኝቼ፣
አምስት ሌሊት ነፋስ ሲጮህ ሰምቼ ሰምቼ፣
ዓይኔ አልተከደነም። ቁጥር ፈልጋችኋል?
ያጣሁት እንቅልፍስ በየትኛው መስመር ገብቷል?»

ክራውዘር አፍንጫውን ጠረገ። ብዕሩን አወጣ።
«አራት» አለ።
ቶይቮ ወደ መስኮቱ ዞረ፤
የሠራተኛ ደመወዝ ዓርብ ነው።
«አራት።»
ተጨባበጡ።

እኔ ብቻ አውቃለሁ፤
አራተኛው ቀን ሃያ አንድ ነበረ፣
እንጨቱ ያን ሌሊት እንደረጠበ አደረ።
በወረቀት ግን ያን ዕለት ደረቀ፤
ሁለት ደረቅ ሰዎች ተስማሙ፣ ነገሩ አለቀ።

አምስተኛው ሌሊት ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል፣
ዐሥራ አራት ብሎ፣ ስሜን ይዞ ቆሟል።
አንድ ክረምት ደግሞ ሌላ ቧንቧ ሲፈነዳ፣
ሌላ ልጅ በመዶሻ ሰማያዊውን ሲንድ፣
«ኦርቪል ማነው?» ይል ይሆናል።
ከዚያ መርፌውን ይወጋል፤
ከቁጥሬ ሥር
የራሱን ይጽፋል።