በዜሮ የቆመው

መብራት የለም ዛሬም፤ ጄኔሬተሩ ተኝቷል፤
ነዳጁ ከእግራችን ሥር ነው፣ ቤንዚን ግን ተወዷል፤
ቢሆንም ሰሌዳው በእሳቱ ቀልቷል።
ከረግረጉ ወዲያ፣ ከቱቦው አፍ ላይ፣
ጋዝ ሲንቀለቀል ያድራል ወደ ሰማይ።
በባየልሳ ጫፍ፣ በውሃ ዳር መንደር፣
ሌሊት ምን እንደሆነ ለማያውቁ ልጆች ማታ ሳስተምር፣
ጥያቄው ራሱ ነው በመስኮት የገባው፣
ጠመኔዬን ቀልቶ ጥላዬን ያዛባው።

ሚቴንን ጻፍኩላቸው፤ ካርቦን መሐል፣ አራት ሃይድሮጅን በዙሪያው፤
«ሃይድሮጅን ሲደመር አንድ፤ ድምሩ ዜሮ ይሁን፤ ካርቦኑስ ስንት ነው?»
«ከዜሮ በታች አራት!» ዱብራ ነው ከኋላ፣
መረብ ሲጎትት አድሮ ክፍል የሚተኛው፤ ዛሬ ነቃ በላ!

ከዚያ እሳት ለኮስኩ በጠመኔ ቀስት፤
ኦክስጅን ገባበት፣ ባዶ ኪስ፣ ዜሮ ቤት።
ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሲወጣ በስተቀኝ፣
«አሁንስ ካርቦኑን ስንት እንበለው? ንገሩኝ።»
«ሲደመር አራት!» ደብተር ተገለጠ፤
ስምንት ኤሌክትሮን ከእጁ አመለጠ።
ስምንት የሰጠ አለ፣ ስምንት የወሰደ፤
አራት ኦክስጅን ሁለት ሁለቱን እየያዘ ሄደ።
ሃይድሮጅን ሚዜ ነው፤ ቤት ቀይሮ ውሃ ቢሆንም፣
እንደመጣ ሄደ፤ ቁጥሩ አልተነካም።
እኩል ነው ሒሳቡ፣ የተበደለ የለም፤
እንዲህ ያለ ዳኛ በምድር አይገኝም።

«ግን መምህር» አለች ታሪዬሬ፣ እስክሪብቶዋን ነክሳ፣
«የሰጠ ሰው ቁጥሩ እንዴት ከፍ ይላል? ማነው የሚያነሣ?»
«ኤሌክትሮን ዕዳ ነው» ብዬ መለስኩላት፣
«ዕዳውን የጣለ ይወጣል ወደ ላይ።» መልሱ አልጣማት።

ተነሥታ የመስኮቱን ደፍ በጣቷ ጠረገች።
ጣቷ ጠቆረ።
ዝናብ በመጣ ቁጥር ከጣሪያው ወደ ባልዲያቸው የሚወርደው፣
እናቷ ያሰጣችው ዓሣ ላይ፣
የታናሽ ወንድሟ ሳል ውስጥ ያለው ጥቁር ነው።
«ይኼስ ቁጥሩ ስንት ነው?»

ጥላሸት። ማንንም ያልያዘ፣ ማንም ያልያዘው ካርቦን።
«ዜሮ» አልኳት።
«ከዜሮ በታች አራት ሆኖ ተነሣ፤
አራቱን ጣለ፤ አራት ሲቀረው
አየር አጠረው መንገድ ላይ፤
ደከመውና እኛ ጣሪያ ላይ አረፈ።»
«እና በቀመሩ የት ልጻፈው?»

ዱብራ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም።
ከውጭ የእሳቱ ጩኸት፣
እንደ ማያልቅ ትንፋሽ።
ቀመሩ የሚያውቀው በቅጡ የነደደውን፣
መንገዱን የጨረሰውን ነው።
«ለፈተናው» አልኳት «ስምንት ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ደብተሩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤
ስምንት፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፤
ከሥሩ የጣቷ አሻራ፣
ክብ፣ ጥቁር፣ ዜሮ የመሰለ።
ቀይ እስክሪብቶዬን ይዣለሁ።
መብራት የለም፤
ግን ለማረም ይበቃል፣
ይታያል።